ወግ ምንድን ነው? እንዴትስ ይነበባል?

ወግ ከዕለት ኑሮ አንዲት ትንሽ ነገር አንሥቶ፣ «እኔ» በሚል ተራኪ አንደበት እያዋዛ የሚጫወት አጭር ጽሑፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ገጾች አይዘልም፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪደርስ ተነብቦ ያልቃል።

ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «ወግና ልማድ» ስንል ሥርዓት ነው፤ «ወግ ሲጠርቁ አመሹ» ስንል ጨዋታ። «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» የሚለው ተረት የመጀመሪያውን ይዟል። ጽሑፉ ስሙን ያገኘው ከጨዋታው ቢሆንም ሳቁን የሚያወጣው ሁለቱን በማጋጨት ነው፦ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ሌላ፣ ሰውየው በሆዱ የሚያስበው ሌላ። (ጸሐፊውን ግን «ወገኛ» አይበሉት፤ በሰፈር ቋንቋ ስድብ ቢጤ ነው።)

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ በ1580 እ.ኤ.አ. ስለ ራሱ ልማድና ጠባይ የጻፋቸውን ወግ መሰል ጽሑፎች ሲያሳትም «ሙከራዎች» ብሏቸዋል። አማርኛው ዘርፉን በጨዋታ ስም ጠራው፤ በእኛ ዘንድ ወግ ከዓይን ይልቅ የጆሮ ነገር ነው። ዘርፉ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው መስፍን ሀብተማርያም ነው፤ «የቡና ቤት ሥዕሎች እና ሌሎችም ወጎች» የሚለው መጽሐፉ ገና ከሽፋኑ «ወጎች» ብሎ ይጀምራል።

ወግን ከቀልድ ለመለየት አንድ ጉዳይ እንውሰድ፦ የታክሲ ረዳት የአንድ ተሳፋሪ መልስ አምስት ብር ይዞ ዝም ይላል። ዜና ቢሆን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ቀልድ ቢሆን ረዳቱ መጨረሻ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ተናግሮ ይዘጋዋል። ወግ ግን ወደ ተሳፋሪው ሆድ ይገባል። አሁን ልጠይቅ ወይስ ትንሽ ልታገሥ? አጠገቤ ያለችው ሴት ለአምስት ብር የሚጨቃጨቅ ቆንቋና ትለኝ ይሆን? «መልስ» የሚለውን በወፍራም ድምፅ ልበለው ወይስ እንደ ዋዛ? ይህን ሲያሰላ መውረጃው ያልፋል፤ ለመመለስም ሌላ ታክሲ ይከፍላል። ረዳቱ ምንም የሚያስቅ ነገር አልተናገረም፤ የሚያስቀው የተራኪው ስሌት ነው። ስለዚህ ወግ ሲያነቡ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ሰው ምኑን ሊደብቅ ይሆን እንዲህ የሚለው?» ቢሉ ይበጃል።

የፊደላችን ጠባይ ደግሞ አለ። ፊደሉ ጥብቀትን አያሳይም። «ወራጅ አለ አለ» የሚለውን ይዩት፤ የመጀመሪያው «አለ» ጠብቆ መኖርን፣ ሁለተኛው ላልቶ መናገርን ይገልጻል። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «እስካሁን» ነው። የቃላት ጨዋታ የሚወድ ጸሐፊ እዚህ ላይ ነው የሚያደባው፤ በዓይን ብቻ የሚሮጥ አንባቢም እዚሁ ያመልጠዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ለወጉ የማይመጥን ክብደት ካለው፣ ለምሳሌ ስለ ሽንኩርት ግዢ በአዋጅ ቋንቋ ከተጻፈ፣ ድምፅ አውጥቶ መድገም ነው። ምፀቱ ያኔ ይሰማል። ሁለት ሰው ሆኖ እየተቀባበሉ ማንበብ ከሁሉ ይሻላል።

በመጀመሪያው ንባብ እርሳስ አያስፈልግም። በሁለተኛው ግን ተራኪው ከጉዳዩ የወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ብዙ አንባቢ «ከርእስ ወጣ» ብሎ የሚዘለው ያንን አንቀጽ ነው፤ ሆኖም የመጨረሻው ሳቅ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው እዚያ ከተጣለች ዘር ነው።

ሌላው ስሕተት «እኔ»ን ከጸሐፊው ጋር አንድ ማድረግ ነው። በወግ ውስጥ ያለው ፈሪ፣ ቆንቋና ወይም ጉረኛ ሰው በግነት የተሠራ ነው፤ «ይሄ ሰው በእውነት ሚስቱን ይፈራል?» ብሎ መጠየቅ ለሐሜት እንጂ ለንባብ አይጠቅምም።

ሙሉ መድበል በአንድ ምሽት መጨረስም አይመከርም። ከሦስተኛው በኋላ የጸሐፊው ዘዴ ይገለጣል፤ ግነቱ ከመምጣቱ በፊት ይታወቃል፣ ሳቁም ይሞታል። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

የቆየ ወግ ውስጥ ቡና በሳንቲም ሲሸጥ ወይም ስልክ በሳንቲም ሲደወል ካገኙ፣ ከመሳቅዎ በፊት ያኔ ያ ገንዘብ ምን ይገዛ እንደነበር አንድ ታላቅ ሰው ይጠይቁ። አለዚያ ጸሐፊው ውድነቱን ሲያማርር እርስዎ በርካሽነቱ ይስቃሉ።