ለየትኛው ፊኛ የትኛው ሕክምና? ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው አዋቂዎች በጎንደር

ስለ ስፓይና ቢፊዳ ሲወራ ቶሎ የሚታሰበን ሕፃን ነው። ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ የተወለደ ልጅ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የእናት ፎሊክ አሲድ። ልጁ ግን ያድጋል። ዊልቸሩን እየገፋ ወይም ክራንቹን ተደግፎ ይማራል፣ ሥራ ይይዛል፣ ትዳር ይመሠርታል። እዚያ ሲደርስ ከእግሩ ይበልጥ ኑሮውን የሚያሳቅቀው ብዙ ጊዜ ፊኛው ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሐሳቡ ሁሉ «ልብሴ ይረጥብ ይሆን?» የሚለው ላይ ነው።

የጽንሱ የነርቭ ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ መዘጋት አለበት። ታችኛው ክፍል ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ ይፈጠራል፤ ወደ ፊኛ የሚሄዱት ነርቮችም ይጎዳሉ። ጤነኛ ፊኛ ሲሞላ ይለጠጣል፣ በሩም ጠብቆ ይቆያል። ሽንት ሲሸና ደግሞ ፊኛው ይጨመቃል፣ በሩ ይከፈታል። ነርቩ ሲጎዳ ይህ መናበብ ይጠፋል። ታዲያ ሁሉም ፊኛ አንድ ዓይነት አይበላሽም። አንዱ ገና ሳይሞላ በራሱ ጊዜ ይኮማተራል። ሌላው እንደ ደረቀ አቁማዳ ግትር ሆኖ አልለጠጥ ይላል። ሦስተኛው ልፍስፍስ ብሎ ጭራሽ አይጨመቅም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡም ይታያል።

የትኛው ሕክምና እንደሚሠራ አስቀድሞ መገመት የሚቻለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ኦክሲቡቲኒን የተባለው ክኒን መኮማተርን ያረግባል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓይነት ተስፋ ይሰጣል። ቦቱሊነም ቶክሲን የሚባለው መርፌም እንደዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 200 ዩኒት በካሜራ እየታየ የፊኛው ግድግዳ ላይ ይወጋል፤ ለወራት ይሠራና ይደገማል። ግትሩ ፊኛ ላይ ግን ሁለቱም ይደክማሉ። ጡንቻው ውስጥ የገባው ጠባሳ ነውና መርፌ አያላላውም። እንዲህ ያለው ሰው ከአንጀት ተቆርጦ ፊኛውን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ልፍስፍሱ ፊኛ ላይ ደግሞ ማርገቢያ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ሽንቱን ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ በሰዓቱ ማውጣት ነው።

ይህን የሚለየው ዩሮዳይናሚክ የተባለው ምርመራ ነው። ፊኛው በቀጭን ካቴተር ቀስ እያለ ይሞላል፣ ግፊቱም አብሮ ይለካል። መለኪያው የውሃ ከፍታ በሴንቲ ሜትር ነው። 40 የታወቀ ወሰን ነው፤ ከአንድ ክንድ ትንሽ ያነሰ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ማጓየርና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ግፊቱ ከ40 ካለፈ በኋላ ብቻ ሽንት የሚያፈስሱ ልጆች አብዛኞቹ ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ ሰፍቶባቸው ነበር። ይህ ነገር በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ሁልጊዜ የሚያንጠባጥበው ሰው ኩላሊቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ልብሱ ደረቅ የሆነው ሰው ኩላሊት ግን ውስጥ ለውስጥ እየተጎዳ ይሆናል።

ማሽኑ በሌለበት ሐሳቡን አልጋ አጠገብ መሞከር ይቻላል። ታካሚው በጀርባው ይተኛል። ፊኛው በካቴተር ባዶ ይሆናል። ከግሉኮስ መስቀያው ላይ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ወደ ፊኛው በዝግታ ይወርዳል። በየመሐሉ ፍሰቱ ይዘጋና ካቴተሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ጋር ይገናኛል። ከቱቦው ጎን ማስመሪያ አለ፤ ዜሮው ከእምብርት በታች ካለው የዳሌ አጥንት ጋር እኩል ነው። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲወጣ በዓይን ይታያል። 10 ላይ ረግቶ ቀስ እያለ 15 ቢደርስ ፊኛው ይለጠጣል። ድንገት 50 ደርሶ ተመልሶ ቢወርድ መኮማተር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 20፣ በ200 ደግሞ 35 እያለ ሳይመለስ ከወጣ ግን ግትር ነው። ታካሚው ቢያስል ወይም ቢያምጥ የሆድ ግፊት ስለሚደባለቅ ንባቡ ይዛባል። ከሙሉው ምርመራ ጋር አይተካከልም፤ ዝም ብሎ ክኒን ከመጻፍ ግን እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ከቤት የሚመጣ ነው። አፉ የተቆረጠ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በማርከር የተሰመረ። 3 ቀን ሙሉ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣና መቼ እንዳመለጠ ደብተር ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ የጎንደርን ኑሮ ማወቅ ይጠቅማል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰ ሰው ቀኑን ደረቅ ሊውል ይችላል። በረመዳንም እንደዚሁ። ይህን ያላየ ሐኪም መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ይደመድማል። የጾምም የፍስክም ቀን ተመዝግቦ መምጣት አለበት።

የደም ምርመራው ላይም ጥንቃቄ ያሻል። የኩላሊት ሥራ የሚገመትበት ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ነው። እግሩ የሰለለ ሰው ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ ኩላሊቱ እየደከመም ቁጥሩ «ኖርማል» ሊል ይችላል። አልትራሳውንድ አብሮ መታየት ይኖርበታል።

ከፊኛው ውጭ ያለው ነገር ግምቱን የሚያበላሽበት ጊዜም ብዙ ነው። የሆድ ድርቀት ፊኛውን ይጫናል፤ ኦክሲቡቲኒን ደግሞ ድርቀቱን ያባብሳል። መርፌው ከተወጋ በኋላ ብዙዎች ሽንታቸውን በካቴተር ማውጣት ስለሚኖርባቸው፣ እጅ የሚታዘዝ መሆኑ፣ ዊልቸር የሚያስገባ ሽንት ቤትና ውሃ መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት ለዚህ ንጹሕ ካቴተር ይበቃል፤ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከጀርም የጸዳ መሆን የግድ አያስፈልገውም። ጓንቱም ሆነ ካቴተሩ ላቴክስ ባይሆን ይመረጣል። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ሰዎች ለላቴክስ አለርጂ በጣም የተጋለጡ ናቸው፤ ይህን ካርዳቸው ላይ ማስጻፍ ይገባል።

ጎንደር ለእንዲህ ያለ ሥራ እርሾ ያላት ከተማ ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነበር። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ገጠር እየወረዱ እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለሚመጣ ሰው በየወሩ መመላለስ ከባድ ነው። ደብተሩን እዚያው ያለች ነርስ ብታየው ግን መድኃኒቱ ከአንድ ወር በኋላ መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል።

ምን ሲሆን «ሠራ» እንደሚባል መጠየቅ ያለበት ታካሚው ራሱ ነው። አንዱ ሌሊት እንቅልፍ ይፈልጋል። ሌላዋ በከተራ ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዳ መሐል ላይ ሳትመለስ ማደር ትፈልግ ይሆናል። ለሁሉም ግን የኩላሊት ቁጥጥሩ አይቀርም።

ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሕክምና ድንገት ካቆመ ክኒኑን ማብዛት መፍትሔ አይደለም። የጀርባ ሕመም ከተጨመረ፣ እግር ከበፊቱ ከደከመ፣ ህብለ ሰረሰሩ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ እየተወጠረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሪፈር መጻፍ ያለበት ለነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው።