ደራሲና ማይክ፦ ስለ ሬዲዮ የመጽሐፍ ጨዋታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሬዲዮ የመጽሐፍ ፕሮግራም አዘጋጅ መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። «ለመሆኑ መጽሐፉን አንብባችሁት ነው?» «ጥያቄውን ቀድማችሁ ሰጥታችሁት አይደል?» «ስንት ከፈሏችሁ?» አልከፋባቸውም። ሰው ያለምክንያት አይጠረጥርም፤ ለይስሙላ የተሠራ ቃለ መጠይቅ ብዙ ሰምቷል። ግን አንድ ደራሲ አዲስ መጽሐፉን ይዞ ስቱዲዮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለሚያዳምጥ ሰው ይጠቅመዋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚመጡብኝን ላንሳቸው።

«ጠያቂው መጽሐፉን አያነበውም፤ የጀርባ ሽፋኑን አይቶ ነው የሚገባው»

ይኼ ግማሽ እውነት አለበት። ልደብቀው አልፈልግም። በየጠዋቱ አምስት ስድስት እንግዳ የሚያስተናግድ አቅራቢ ሁሉንም መጽሐፍ አንብቦ ሊገባ አይችልም። ሌላ ሰው አንብቦ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያዘጋጅለታል። አሳታሚውም ከመጽሐፉ ጋር መግለጫ ይልካል። አንዳንዴ «ደራሲውን እንዲህ እንዲህ ብትጠይቁት» የሚል ዝርዝር ሳይቀር አብሮ ይመጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጣቢያ ላይ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ከሰማችሁ፣ ምንጩ ይኸው ዝርዝር ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍን ሥራዬ ብለው የያዙት ግን ያነባሉ። ማይክል ሲልቨርብላት በካሊፎርኒያው ኬሲአርደብሊው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2022 የግማሽ ሰዓት የመጽሐፍ ፕሮግራም ነበረው። የሚታወቀው አዲሱን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የደራሲውን የቀድሞ ሥራዎች ጭምር አንብቦ በመግባቱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ስተድስ ተርክል ደግሞ በቺካጎው ደብሊውኤፍኤምቲ ከ1952 እስከ 1997፣ ለ45 ዓመት ሠርቷል። ተርክል ያነበበው መጽሐፍ መልኩ ይለወጥ ነበር፤ የተሰመረበት፣ ጠርዙ ላይ የተጻፈበት ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ሲያይ የማይደሰት ደራሲ ያለ አይመስለኝም።

ያነበበ ሰው በጥያቄው ይታወቃል። ያላነበበው «ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ምን አነሳሳህ?» ይላል። ያ ጥያቄ ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል። ያነበበው ግን «እናትየው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ታጥፈዋለች፣ አንድ ጊዜም አትከፍተውም። ለምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የደራሲውን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙት። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የነበረው ሰው ቀና ይላል። እጁ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል።

«ጥያቄዎቹ ቀድመው ለደራሲው ይሰጣሉ»

እኔ አልሰጥም፤ የማውቃቸው ባልደረቦቼም አይሰጡም። ስለ ምን እንደምናወራ በጥቅሉ እንነግራለን። የሚነበበውን ገጽ አብረን እንመርጣለን። ከዚያ አናልፍም። ጥያቄውን ቀድሞ ያገኘ ሰው መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ ተዘጋጅቶ የመጣ መልስ ደግሞ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። «ማለቴ…»፣ «ቆይ ልመለስና…» የሚባል ነገር ይጠፋል።

እንግዳው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። ከፊላደልፊያ የምትሠራው የሬዲዮ ጠያቂ ቴሪ ግሮስ ቀረጻው ሳይጀመር፣ በጣም የግል የሆነ ነገር ከጠየቅኳችሁ ንገሩኝ፣ አልፈዋለሁ ትላለች። ይህን ከእሷ ወስጄ እኔም እለዋለሁ። እንደዚያ የተባለ ሰው ከሌላው የበለጠ ይናገራል።

«ከመጽሐፉ የሚነበበው ቁራጭ ሰዓት መሙያ ነው»

ለእኔ ከፕሮግራሙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ገጹን መምረጥ ግን ጥያቄ ከማዘጋጀት አይተናነስም። የሚመረጠው ክፍል ከፊቱ ያለውን ሳያነቡ የሚገባ መሆን አለበት። አምስት ስም በአንዴ የሚጠራበት ገጽ አይሆንም፤ አድማጭ ወደኋላ ገልጦ «እሱ ማን ነበር?» ማለት አይችልም። ምልልስ የበዛበትም ያስቸግራል። በዓይን የሚታየው የጥቅስ ምልክት በጆሮ አይሰማም።

የወረቀቱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ገጽ ሲገለጥ ማይክ ላይ ኮሽታው ይጎላል። ስለዚህ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርገን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንዘረጋቸዋለን። አምባር ይወልቃል። የሚንቋቋ ወንበር ይቀየራል።

አንድ ቀን የገጠመኝን ልንገራችሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ ደራሲ ናቸው። ሊያነቡ ተቀመጡ። እኔ የታተመውን መጽሐፍ በጣቴ እየተከተልኩ አዳምጣለሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ቃል ዘለሉ። «በጣም» የምትል ቃል ናት። የተሳሳቱ መስሎኝ ምልክት አደረግኩ። ትንሽ ቆይተው ሌላ ዘለሉ። ሲጨርሱ ገባሁና «እነዚህ ሁለት ቃላት ቀርተዋል፤ አንድ ጊዜ ቢደግሙልን?» አልኳቸው። ገጹን ጠጋ አድርገው አዩት። «አይ፣ ይቅሩ» አሉኝ። ከቦርሳቸው እርሳስ አወጡና የራሳቸው ቅጂ ላይ ሁለቱንም ሰረዟቸው። መጽሐፉ ከታተመ ገና አሥር ቀኑ ነበር።

ይህን የሚያደርጉ ደራሲዎች ብዙ ናቸው። ዓይን ደጋግሞ ያሳለፈውን ትርፍ ቃል ምላስ አልፈልግም ይላል። አንዳንዶቹ መዝለላቸውንም አያውቁትም። መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ ፕሮግራሙን ገጹን ገልጣችሁ ስሙት። ደራሲው ዛሬ ቢጽፈው ምን እንደሚያወጣ ታገኙታላችሁ።

«ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚያወሩት»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ግሮስ አብዛኞቹን እንግዶቿን የምታነጋግረው እነሱ ሌላ ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነው ነው። ፊታቸውን አታይም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሁለቱም በኩል ድምፅ በየራሱ ማይክ ይቀረጻል፣ በኋላ ይገጣጠማል። ያንን ቅርበት ለመፍጠር ፊት መተያየት ግድ አይደለም።

«የተቆረጠ ቃለ መጠይቅ የተጭበረበረ ነው»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ጥርጣሬው ቦታ አለውና።

ሃያ ደቂቃ የሚተላለፍ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ የተቀረጸ ነው። የሚወጣው ምንድነው? ሳል፣ ተጀምሮ የተተወ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቴ የተባለ ሐሳብ፣ ከውጭ የገባ የመኪና ጡሩንባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጠያቂው ረጅም መግቢያ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ መቀሱን የማነሳው በራሳችን ድምፅ ላይ ነው። አድማጭ የመጣው ደራሲውን ሊሰማ ነው።

ድሮ ይህ ሁሉ በምላጭ ነበር የሚሠራው። ቴፑ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ይሮጣል። የሚቆረጥበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ በማጣበቂያ ይያያዛል። ሂሳቡን ስሩት፤ ሁለት ሰከንድ ዝምታ 76 ሴንቲሜትር ቴፕ ነው። ክንድ ተኩል ያህል። የቆረጡትን ሳይጥሉ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰዎች ነበሩ፤ ምናልባት መልሰው የሚያስገቡት ከሆነ ብለው። ዛሬ በኮምፒውተር አንድ ቁልፍ ተጭኖ መመለስ ይቻላል። ቅለቱ ግን ሰውን ያሰንፋል። የሚጣለውን በእጁ የያዘ ሰው ሁለቴ ያስባል።

ማጭበርበር የሚሆነው መቼ ነው? ለአንድ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ወስዶ ሌላ ጥያቄ ሥር ማስገባት ማጭበርበር ነው። «ግን» የምትለዋን ቃል ማውጣትም እንደዚያው። ደራሲው «ወንድሜን አስቤ ነው የጻፍኩት፣ ግን ሲያልቅ ወንድሜ አልነበረም» ቢልና የመጀመሪያው ብቻ ቢተላለፍ፣ የሰውየው ቤተሰብ ውስጥ ጠብ ገብቷል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ምሕረት ሊኖር አይገባም።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር ልበል። ጀማሪ ኤዲተር ትንፋሽ በሙሉ ያጠፋል። ውጤቱ ሰው ሳይሆን ማሽን የሚያወራ ይመስላል፤ አድማጭ ምክንያቱን ሳያውቀው ይደክመዋል። ለዚህም ነው እንግዳው ከመነሳቱ በፊት ሠላሳ ሰከንድ ዝም እንድንል የምናደርገው። የባዶ ክፍሉ ድምፅ ይቀረጻል። በኋላ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ያንን ስናነጥፈው ስፌቱ አይሰማም።

«ዝም ያለ ደራሲ መልስ ጠፍቶበታል»

መጻፍና መናገር የተለያየ ሙያ ነው። ለዓመታት ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አንድን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ የሚያስተካክል ሰው በአንዴ ተናገር ሲባል ቢደናገር ምኑ ይገርማል? ሬዲዮ ላይ አራት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። የቀጥታ ስርጭት ቴክኒሽያን ጭንቅ ይይዘዋል። ያልለመደ ጠያቂም ዘሎ ይገባና «ማለትም…» ብሎ መልሱን ራሱ ይሰጠዋል። በዚህ የጠፋውን መልስ ብዛት ሳስብ ያናድደኛል።

ከዝምታ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ሌላ ቦታ ያልተናገረው ነው። ቀድሞ የተናገረውማ አፉ ላይ ስላለ ሳይዘገይ ይወጣል። ስለዚህ ዝምታውን እንዳለ ስንተወው ሬዲዮናችሁ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

«‹ይሄ ያንተ ሕይወት ነው?› ምርጥ ጥያቄ ነው»

አድማጮች ከሚልኩልን ጥያቄዎች ብዛቱ ይህን የሚያህል የለም። የማወቅ ጉጉቱ ይገባኛል። ችግሩ መልሱ የትም አያደርስም። «አዎ» ቢል መጽሐፉ ወሬ ሆነ። «አይደለም» ቢል ማንም አያምነውም። እኔ የምመርጠው «ይህን ቤት ስትጽፈው የትኛውን በር እያየህ ነበር?» ዓይነቱን ነው። ደራሲው የሚያውቀውን በር ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጠበት፣ ለምን እንደለወጠው ራሱ ይጨምርበታል።

«ጨዋታው የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው»

መጽሐፍ ሲወጣ አሳታሚው እንዲሸጥ ይፈልጋል፤ ደራሲውም። ቅጂ በነፃ ይልካሉ፣ ብዙ ጊዜም ከመውጫው ቀን ወራት ቀደም ብለው። አንድ ደራሲ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየጣቢያው የሚሰማውም በዚሁ የመውጫ ቀን ምክንያት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን እኔ ዘንድ ከፍሎ የገባ እንግዳ የለም። ተከፍሎበት የሚተላለፍ ነገር ካለ አድማጭ ስፖንሰር ያለው መሆኑን ሊነገረው ይገባል። ከገንዘብ ይልቅ የሚያሰጋኝ መለሳለስ ነው። ደራሲው ወዳጅ ነው፣ በሚቀጥለው መጽሐፉም እንዲመጣ እንፈልጋለን፣ ስለዚህ ደካማውን ምዕራፍ ሳናነሳ እናልፋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ይቆጨኛል።

«መጨረሻውን ይነግሩናል»

አዲስ መጽሐፍ ላይ አንነግርም። ከማን ጋር እንደሚወራ ነው ልዩነቱ። የቢቢሲ ሬዲዮ 4 የመጽሐፍ ክበብ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ደራሲውን መጽሐፉን ካነበቡ አንባቢዎች ጋር ያገናኛል። በአገናኙ በጄምስ ኖክቲ ፊት አንባቢዎቹ ስለ መጨረሻውም ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ ሁሉም አንብቦታልና። የኛ አድማጭ ግን ገና አልገዛውም።

«ሳምንት ካለፈው ያረጃል»

እ.ኤ.አ. በ1950 የፈረንሳይ ሬዲዮ ጠያቂውን ሮበርት ማሌን ከደራሲው ከፖል ሌዮቶ ጋር አስቀመጠው። ሌዮቶ 78 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ የጻፈ ሰው ነው፤ ከጥቂት የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በቀር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጨዋታው ወደ 1951 ዘልቆ በተከታታይ ሲተላለፍ አገር ምድሩ ሰማው። ለሚጠየቀው ሁሉ እሺ አይልም፤ ይከራከራል፣ ጠያቂውን ያርማል። ድምፁን የሰሙ ሰዎች ከዚያ በኋላ መጽሐፎቹን ፈለጉ። ጨዋታው ራሱም በ1951 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ሌዮቶ በ1956 አረፈ። ቅጂው ግን ዛሬም ይደመጣል፤ ሽማግሌው አሁንም ከማሌ ጋር ይከራከራል።