የጠገራ ብር ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«1780 ይላል፤ ስለዚህ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው»

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ዓመቱም 1780 ተብሎ የተጻፈበት የብር ሳንቲም ነው። ገዢን በብዛት የሚያስከስረው ይህ አባባል ነው። እቴጌዋ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሯ ግን በቀይ ባሕር ንግድ እጅግ ስለተወደደ ከሞቷ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል፤ መጀመሪያ በቪየና፣ በሚላን፣ በቬኒስና በፕራግ፣ ከዚያም ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም፣ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደን። ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። እጅ ላይ የሚገኘው ጠገራ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የ19ኛው ወይም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህ ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ክብደቱም የብር መጠኑም እንደ ጥንቱ ነው። «ጥንታዊ ነው» ተብሎ የሚጠየቀው ጭማሪ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የተመታበትን ቦታ ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዞ በጀርባው ካለው ንስር የጭራ ላባዎቹን፣ የትከሻዋን ጌጥና በጽሑፉ መካከል ያሉትን ነጥቦች ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ስህተቱ ይገለበጣል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ፲፰፻፹፯ በእኛ አቆጣጠር 1887 ማለት ነው፤ በአውሮፓውያን 1894/95 ይሆናል። «የ1887 የአውሮፓ ዓመት ነው» የሚል ሻጭ ሳንቲሙን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶታል።

«ማግኔት ካልሳበው ብር ነው»

ማግኔት የሚያጋልጠው እንደ ብረት በማግኔት የሚሳብ ነገር ያለበትን ብቻ ነው። መዳብ፣ ናስ፣ እርሳስ፣ ዚንክ፣ የመዳብና የኒኬል ቅይጥም አይሳቡም፤ አስመሳዮች የሚጠቀሙት ደግሞ እነዚህኑ ነው። ማግኔት ከሳበው ይጣል፤ ካልሳበው ገና ምንም አልታወቀም።

«ድምፁ ካቃጨለ እውነተኛ ነው»

ድምፅ ይረዳል፣ አይፈርድም። ብር ያልሆኑ ቅይጦችም ጥሩ ያቃጭላሉ። በአንጻሩ የተሰነጠቀ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት እውነተኛ ጠገራ ድምፁ ይደፈናል። ድንጋይ ላይ መወርወር ደግሞ ጠርዙን ከመጉዳት ሌላ ጥቅም የለውም፤ በጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በሌላ ሳንቲም ቀስ ብሎ መንካት ይበቃል።

አስተማማኙ መንገድ ሚዛንና ውኃ ነው። ጠገራ ሲመታ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው (833 ከሺህ)፤ የቀረው መዳብ ነው። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የምኒልክ ብርም 28.075 ግራም፣ 835 ከሺህ ነው። ብዙ የተዘዋወረ ሳንቲም ጥቂት ይጎድላል፤ ስፋቱና ውፍረቱ ትክክል ሆኖ 24 ወይም 25 ግራም ከመዘነ ግን ያ መበላት አይደለም፣ ሌላ ማዕድን ነው።

አስመሳዩ ክብደቱን ካስተካከለ ውኃው ይይዘዋል። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንከሩት። የሳንቲሙን ክብደት አሁን ለሚታየው ቁጥር ያካፍሉ። ለጠገራ ንባቡ ወደ 2.75 ይሆናል፤ 28.07 ሲካፈል ለ2.75 ደግሞ 10.2 ይሰጣል፣ እሱም የዚህ ቅይጥ ትክክለኛ እፍግታ ነው፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ከሆነ በዚያው ክብደት ንባቡ 3.15 ገደማ ደርሶ ውጤቱ ወደ 8.9 ይወርዳል። ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ያበላሻል፤ የ0.05 ግራም ስህተት ብቻ 10.2ን ወደ 10.0 ይጎትታል። አረፋውን አራግፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ይለኩ።

«ሐሰተኛ ሁሉ የቀለጠና የፈሰሰ ነው፤ በዓይን ይታወቃል»

በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው በእርግጥ ይታወቃል፤ ገጹ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጉድጓዶች፣ የደነዙ ፊደሎች፣ ጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ወይም የሞረድ ጭረት ይታያል። በማተሚያ የተመታ ሐሰተኛ ግን ገጹ ጥርት ያለ ነው። ጠርዙን ይመልከቱ፦ ጠገራ ጠርዙ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» (ፍትሕና ምሕረት) የሚል ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ከሌለ፣ ወይም ወደ ውስጥ ከተቀረጸ፣ ጥርጣሬው ትክክል ነው። «925» የሚል ማኅተም ያለበትም እንዲሁ፤ ያ የጌጣጌጥ ምልክት እንጂ የዚህ ብር አይደለም።

«ከመሸጥ በፊት ማጽዳት ዋጋ ይጨምራል»

ይቀንሳል። ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በጨርቅ ሲፈተግ ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ብርም ይሄዳል፣ መነጽር ሥር የሚታዩ ጭረቶችም ለዘለዓለም ይቀራሉ። ሰብሳቢ ይህን የሚያጭበረብር ብልጭታ በአንድ እይታ ያውቀዋል። ቅባትና ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ንጹሕ አሲቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ ሳይፈትጉ፣ አየር ላይ ማድረቅ ነው። አሲቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቅ፣ መስኮትም ይከፈት።

«ፊቷ ከጠፋ የተበላ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የላላ ምት (ማተሚያው በደንብ ሳይጫን ሲመታ) ከመጀመሪያውም ፀጉሯን ደብዛዛ አድርጎ ሊተው ይችላል። መበላት የሚጀምረው ከፍ ብለው ከሚወጡት ቦታዎች ነው፤ ከጆሮዋ በላይ ካለው ፀጉር፣ ከትከሻዋ ጌጥና ከንስሩ ደረት። እነዚያ ቦታዎች ከዙሪያቸው በቀለም ተለይተው ከለሰለሱ ተበልተዋል፤ የመጀመሪያው ብልጭታ ላያቸው ላይ ካለ ግን ምቱ ነው የላላው። ለአንገት ጌጥ የተበሳና በኋላ የተደፈነ ጠገራም ብዙ ነው፦ በብርሃን አጋድለው ከራሷ በላይ ያለውን ጽሑፍ ይመርምሩ፣ ፊደል የተቆረጠበት ወይም ቀለሙ የተለየ ክብ ነጠብጣብ ካለ መደፈኛው እዚያ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም የሚገዛው በብሩ ክብደት ብቻ ነው።