ክፍል 101 ምንድን ነው?

የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ያላነበበ ሰው ራሱ ክፍል 101 የሚለውን ስም የሆነ ቦታ ሳይሰማው አይቀርም። ሲያወሩት ግን አብዛኛው ሰው «የቶርቸር ክፍል ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ እኔን ደግሞ እዚህ ጋ ነው የሚከነክነኝ፣ ምክንያቱም ቶርቸሩ እኮ ክፍሉ ባለበት እስር ቤት ውስጥ በየክፍሉ ነው ያለው። ዋናው ሰውዬ ዊንስተን 101 ከመግባቱ በፊት ተደብድቧል፣ ተርቧል፣ ማሽን ላይ ታስሮ ተሰቃይቷል፣ ያልሰራውን ሁሉ ሰርቻለሁ ብሎ አምኖ ጨርሷል። የቀረው ሚስጥር የለም። ታዲያ ምን ፈልገው ነው ወደዛ የሚወስዱት?

(ያላነበባችሁ ካላችሁ ታሪኩን ልነግራችሁ ነው፣ ማንበብ የምትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙ።)

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፣ ኦርዌል በሳንባ ነቀርሳ እየተሰቃየ ጽፎት በወጣ በሰባት ወሩ አካባቢ ሞተ። ታሪኩ ወደፊት ሊመጣ የሚችል መንግስት ነው፣ ግድግዳ ላይ ያለው ስክሪን አንተ ስታየው እሱም ያይሃል፣ የሚያስረውና የሚያሰቃየው መስሪያ ቤት ደግሞ ስሙ የፍቅር ሚኒስቴር ነው። ዊንስተን ከተያዘ በኋላ መስኮት የሌለው፣ መብራቱ በጭራሽ የማይጠፋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀን ይሁን ሌሊት አያውቅም፣ ሰው ይገባል ሰው ይወጣል፣ አንዳንዱን ሲጠሩት «ክፍል 101» ይላሉ። ሌላ ምንም አይሉም። አንዲት ሴት ይቺን ቁጥር ስትሰማ ፊቷ ሲቀየር ዊንስተን ያያል፣ ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም።

ከዛ በረሃብ ፊቱ የራስ ቅል የመሰለ አንድ እስረኛ ያመጣሉ። አጠገቡ ያለ አገጭ የሌለው ሰውዬ አንጀቱ አልችል ብሎ ከኪሱ ቁራሽ ዳቦ አውጥቶ ሊሰጠው ይነሳል፣ ስክሪኑ ይጮሃል፣ ዘቡ ገብቶ ለጋሹን በቡጢ ይዘርረዋል። ትንሽ ቆይቶ መኮንኑ ወደ አጽሙ ሰውዬ ይጠቁምና «ክፍል 101» ይላል። ሰውዬው ተንበርክኮ ይለምናል፣ የምትፈልጉትን ወረቀት አምጡ እፈርማለሁ ይላል፣ ሚስትና ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ ስድስት አመት አልሞላውም፣ አምጥታችሁ አይኔ እያየ እረዷቸው ቆሜ አያለሁ፣ እዛ ብቻ አትውሰዱኝ ይላል። ከዛ ዞር ብሎ አሁን ዳቦ ሊሰጠው የነበረውን ሰውዬ ይጠቁማል፣ መውሰድ ያለባችሁ እሱን ነው ብሎ። እኔ ይሄን ገጽ ባነበብኩት ቁጥር መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ። እስካሁን እኮ ማንም አልነካውም፣ የተናገሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ዊንስተን ቆይቶ መርማሪው ኦብራየንን ክፍል 101 ውስጥ ምንድነው ያለው ብሎ ሲጠይቀው መልሱ አንተም ታውቀዋለህ፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል የሚል አይነት ነው። ነገሩም እሱ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ የተወሰነ ነገር አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ሰው በአለም ላይ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። ለአንዱ ከነህይወት መቀበር፣ ለአንዱ እሳት፣ ለዊንስተን አይጥ። ፊቱ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ የተራቡ አይጦች ያሉበት የሽቦ ሳጥን ያመጡለታል። እያቀረቡለት እንዴት እንደሚሰራ በዝርዝር ያስረዱታል። ምንም ጥያቄ ግን አይጠይቁትም። ማን ላከህ የለ፣ ጓደኞችህ የት ናቸው የለ፣ በቃ ማብራሪያ ብቻ። እሱም በመጨረሻ የሚወዳትን ሴት ስም ይጠራል፣ በኔ ሳይሆን በጁሊያ አድርጉት ብሎ ይጮሃል፣ የሳጥኑ በርም ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። አይጦቹ አልነኩትም!

ስለዚህ ክፍል 101 ማለት ጥያቄ የሌለው ምርመራ ነው። እስረኛው ራሱ አፉን ከፍቶ ሌላ ሰው እንዲያቀርብ ነው የተሰራው፣ ስራውን የሚሰራውም ስቃዩ ሳይሆን ዛቻው ነው።

ይሄ ነገር የልብ ወለድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1633 ጋሊሊዮ በ69 አመቱ ሮም ላይ ሲመረመር እውነቱን ካልተናገርክ ወደ ማሰቃየት እንሄዳለን ተብሎ በቃል ተነግሮታል፣ በነጋታው ተንበርክኮ መሬት ትዞራለች ማለቱን ካደ። በዛ ዘመን የአውሮፓ ህግ ማስፈራራቱ ራሱ ደረጃ የወጣለት የምርመራ ክፍል ነበር፣ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ መሳሪያውን በማሳየት። ወደኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ሲአይኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ያዘጋጀውና በ1997 ይፋ የወጣው የምርመራ መመሪያ የማሰቃየት ዛቻ ብዙ ጊዜ ከማሰቃየቱ በላይ ሰውን እንደሚሰብር በግልጽ ጽፎታል፣ ሰው ህመሙን ከሚፈራው በላይ ሊችለው ይችላልና። ኦርዌል ይሄን መመሪያ ሊያነብ አይችልም፣ መመሪያው ሳይጻፍ ሞቷል፣ ግን የአጽሙ ሰውዬ ትእይንት ላይ ያለው ሀሳብ ያው ነው።

ለኛ አንባቢ ደግሞ ብዙም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ማዕከላዊ እስከተዘጋበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ እስረኞቹ ራሳቸው ለክፍሎቹ ስም ነበራቸው፣ ሻል ያለውን «ሸራተን» ይሉት ነበር፣ ሌላው «ጣውላ ቤት»፣ የከፋው «ጨለማ ቤት»። ጣውላ ቤት ላለ ሰው ወደ ጨለማ ቤት ትመለሳለህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ? ህገ መንግስታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል፣ የተባበሩት መንግስታት የጸረ ማሰቃየት ስምምነትም (የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ አመቱ ገጥሞ) የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ስቃይንም ይጨምራል። ዛቻ ብቻውን ጥፋት ነው ወይ ለሚል ደግሞ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አዎ ብሏል፣ ጉዳዩ የጀርመን ፖሊስ የታፈነ ልጅ ያለበትን እንዲነግራቸው ተጠርጣሪውን ከባድ ህመም እናደርስብሃለን ብሎ ያስፈራራበት ነው፣ ሰውየውን አላሰቃዩትም ግን ማስፈራራቱ ራሱ ኢሰብአዊ አያያዝ ነው ተባለ። ልጁ በዛን ሰአት ሞቶ ነበር፣ የፖሊሶቹ ጭንቀት ይገባኛል፣ ፍርዱንም ግን እደግፋለሁ።

እንግሊዝ አገር ክፍል 101 የሚባል የቢቢሲ ሾው ነበር፣ ታዋቂ ሰዎች የማይወዱትን ነገር ወደ ክፍሉ «የሚጥሉበት»፣ ከዛ የተነሳ ቃሉ ለብዙ ሰው የሚያስጠላህን ነገር የምታስቀምጥበት ቦታ ሆኗል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ወደዛ የሚጣለው ሰው ነው።

መጨረሻ ላይ ዊንስተንና ጁሊያ ተፈተው ይገናኛሉ፣ ብርድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አሳልፌ ሰጥቼሃለሁ ትለዋለች፣ እሱም እንደዛው። ሊቋቋሙት የማይቻል ነገር ያስፈራሩሃል፣ በኔ አታድርጉት በሌላ አድርጉት ትላለህ፣ በኋላ ለማምለጥ ብዬ ነው ብትል እውነት አይሆንም፣ በዛች ሰአት ከልብህ ነበር ትለዋለች። በሷ ክፍል 101 ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቃትም።