«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው»፦ አጣሪው ምን አጠፋ?

ሰሞኑን ስለ ወታደራዊ ማዕረግ የሚከራከሩ ሰዎች መሃል ተገኘሁ። ጉዳዩ ይሄ ነው። ራዳር የሚጠግን ወይም የአውሮፕላን ሞተር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ወታደር ዕድገት የሚያገኘው ሰው ሲመራ ብቻ ነው? ወይስ ለባለሙያው ለብቻው የማዕረግ መሰላል ይሠራለት? ክርክሩ ሞቅ ሲል አንዱ እጁን አወናጨፈና «በቃ! ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው!» አለ። ቴክኒሻኑ እዚያው ወርክሾፑ ይቀመጥ፣ ማዕረጉን ለአዛዦች ተዉት ማለቱ ነው። ሰዉም «እውነት ነው» አለና ነገሩ አበቃ።

ለእኔ ግን አላበቃም።

አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለክፉ ሥራ ነው። ተንኮለኛ ተንኮሉ ይመለስበታል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አጣሪው ምን አጠፋ? አጥር ማጠር ኃጢአት አይደለም። ከብት ከጅብ የሚጠብቅ ሰው እንዴት የክፉ ሠሪ አምሳያ ሆኖ ቀረ?

የእሾህ አጥር ሲታጠር ያላየ ሰው ቅርንጫፍ መከመር ብቻ ይመስለዋል። አያቶቼ ዘንድ ሳድግ የበረቱ አጥር የሚታደሰው በደቦ ነበር። ግራሩ፣ ቀጋውና አጋሙ ይቆረጥና እየተጎተተ ይመጣል። ጎታቹ ብዙ ነው፤ እኛ ልጆቹም ትንንሹን እንጎትታለን። በረቱ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ጥሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ያጣሪው ሥራ ነው።

አጣሪው የሚይዘው ገጀራና ጫፉ ባላ የሆነ ረጅም እንጨት ነው። ቅርንጫፉን በባላው ያነሳና ግንዱን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ሌላውን ይደርብበታል። በባላው ጫን ጫን እያደረገ እሾህን ከእሾህ ያቆላልፋል፣ ከዚያ በበረባሶው ይረግጠዋል። በደንብ የተቆላለፈ አጥር አንዱን ቅርንጫፍ ስትስበው ዙሪያው ሁሉ አብሮ ይነቃነቃል። ያልተቆላለፈው ሲያዩት ያው ነው፤ ጅቡ ግን ይለየዋል።

ደቦውን የሚያዘው ሌላ ሰው ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው። «እናንተ ወደዚያ! እናንተ ግንዱን ያዙ!» እያለ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እሱ እሾህ አይነካም፣ አጣሪው ደግሞ ሰው አያዝም። ነገር ግን አጣሪው «ይሄ ቅርንጫፍ አይሆንም፣ መልሱት» ካለ አለቀ። አዛዡ ራሱ ተቀብሎ «መልሱት!» ይላል እንጂ አይከራከርም።

ማታ አጣሪው እሳት ዳር ተቀምጦ መዳፉን ይዘረጋል። ሴት አያቴ በወስፌ እሾሁን እየፈለቀቀች ታወጣለታለች። አንድ ማታ «ነገም ይህንኑ እጅ ልትሰጠው ነው?» ስትለው «እና የማንን ልስጠው እማማ?» ብሏት ቤቱ በሳቅ ሞላ። የመጀመሪያው ጠላ የሚቀዳውም ለእሱ ነበር። ባለ ትልቅ ድምፁ ተራውን ይጠብቃል፤ ቅር ሲለው አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ የእኔ ግምት ይሄ ነው። አባባሉ ሲፈጠር እርግማን አልነበረም፤ የደቦ ቀን ደንብ ነበር። እሾሁ ያጣሪው ነው ሲባል ቁስሉም የእሱ፣ ክብሩም የእሱ፣ የመጨረሻው ቃልም የእሱ ማለት ነበር። እርግማኑ የመጣው በኋላ ይመስለኛል። ምናልባት አንዱ ተነስቶ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ማጠር ሲጀምር ነው። ያኔ አጣሪ የሚለው ስም ተበላሸ። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም። አጥር ሲታጠር ያየ ሰው ግን ይፈርድልኛል።

ወደ ማዕረጉ ክርክር ልመለስ። የእኛ ማዕረጎች በሰው ቁጥር የተሰፈሩ ናቸው፦ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ራዳር ጠጋኙን ሃምሳ አለቃ ብትሉት ሃምሳው ሰው የት አለ? ፊቱ ያለው አንድ ማሽን ነው። የድሮዎቹም የሰልፍ ቦታ ናቸው፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ። የሙያ ማዕረግ ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም ነው። ባልቻ ሳፎ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ መድፈኞቹን ሲመራ ማዕረጉ በጅሮንድ ነበር። በኋላ ግን ደጃዝማች ተባለና ሲዳሞን እንዲገዛ ተሾመ። መድፍ ላወቀ ሰው ሽልማቱ አገር ማስተዳደር ሆነ! ጦሩንና ጎራዴውን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅማ «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ይህንኑ የባለሙያ ማዕረግ ሲሠሩትና ሲያፈርሱት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ምድር ጦራቸው ውስጥ «ቴክኒሻን» የሚባል ማዕረግ አወጡ። የክንዱ ምልክት የበታች ሹሞቹ ነው፤ ከሥሩ «ቲ» የምትል ፊደል ተጨመረች። ፊደሏ ትንሽ ናት፣ ሰዉም ቴክኒሻኑን «ሰርጀንት» እያለ ይጠራዋል። ማን ማንን እንደሚያዝ ተምታታ። በ1948 ቀረ። በ1955 «ስፔሻሊስት» ብለው መለሱት፤ አሁን ምልክቱንም ለዩት፣ ንስር አደረጉበት። ወደ ላይ ከፍ የሚል የራሱ መሰላል ነበረው። መሰላሉ ከላይ እየተቆረጠ መጣና በ1985 የታችኛው ደረጃ ብቻ ቀረ። ዛሬ ስፔሻሊስት የሚባለው ገና ከሥር ያለ ወታደር ነው፤ ልዩ ሙያ ኖረውም አልኖረውም። አየር ኃይላቸው በበኩሉ ዋራንት ኦፊሰር የሚባለውን የባለሙያ ማዕረግ መስጠት በ1959 አቆመ። በ2024 ለኮምፒውተርና ለሳይበር ባለሙያዎች ሲል መልሶ ጀመረው።

መሰላሉን የሚቆርጡት ሰዎች ነጥብ የላቸውም አልልም። ተኩስ ውስጥ አዛዡ ከወደቀ ቀጥሎ የሚያዘው ሰው ወዲያው መታወቅ አለበት። ትልቅ ማዕረግ ይዞ ማዘዝ የማይችል ሰው እዚያ ላይ ግራ ያጋባል። በሌላ በኩል ጎበዙን ጠጋኝ «አድገሃል» ብለህ ጠረጴዛ ስትሰጠው፣ ጠጋኝ አጥተህ የማይሆን አዛዥ አተረፍክ። ዕድገቱን ስትከለክለው ደግሞ የተሻለ የሚከፍል ኩባንያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የድሮው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አያያዝ ለእኔ ይጥመኛል። መድፈኛው፣ አናጢውና የሸራና የገመዱ ኃላፊ እያንዳንዳቸው በሙያቸው ዋራንት፣ ማለትም የሹመት ወረቀት፣ የያዙ ነበሩ። መርከቡን የሚያዘው ካፒቴኑ ነው፤ አናጢውን ግን ካፒቴን ካላደረግነው አላከበርነውም ያለ አልነበረም።

እዚያ ውይይት ላይ አባባሉን የወረወረው ሰውዬ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። እሾሁን ለቴክኒሻኑ ሰጠና ሌላውን ይዞ ሄደ። ቢሮም ውስጥ እየሰማሁት ነው። ሲስተም ሌሊት ሲበላሽ «ሥራ ለሠሪው!» ተብሎ ባለሙያው ከአልጋው ይጠራል። የዕድገት ደብዳቤ ሲመጣ ግን አባባሉን የሚያስታውስ ይጠፋል። ኧረ ተዉ! እኔ አሁን አሁን አንድ ሰው ይህን አባባል ባለሙያ ላይ ሲጠቅስ «ደመወዙስ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን ደስ ብሎት የመለሰልኝ የለም።