አሥራቱን ያወጣው ባለ ባንክና የቀሩት ዘጠኝ እጆች

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ስለ አሥራት ትንሽ እንነጋገር። መነሻችን ጄይ ኩክ የሚባል አሜሪካዊ ባለ ባንክ ነው።

ኩክ በ1821 (እ.ኤ.አ.) በኦሃዮ፣ ሳንደስኪ ተወለደ። በ1861 በፊላደልፊያ የራሱን ባንክ ከፈተ። በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው ቦንዱን፣ ማለትም ከሕዝብ የሚበደርበትን ሰነድ፣ የሸጠለት ኩክ ነው። በየከተማው ወኪል አሰማርቶ፣ በጋዜጣ አስነግሮ፣ ለተራው ሰው ሳይቀር በ50 ዶላር ቸረቸረው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ።

ሰውዬው አማኝ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። በባንኩ መዝገብ ላይ ደግሞ በአባታችን በያዕቆብ ስም የተከፈተ ሒሳብ ነበረው። ከትርፉ አሥር በመቶ እዚያ ይገባና ለቤተ ክርስቲያንና ለችግረኛ ይወጣል። ያዕቆብ በቤቴል «ከሰጠኸኝም ሁሉ ለአንተ ከአሥር እጅ አንዱን እሰጥሃለሁ» ብሎ ተስሎ የለ? (ዘፍ. 28፥22) ኩክ በኤሪ ሐይቅ ላይ በገዛት ጅብራልተር በምትባል ደሴትም ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ አገልጋዮችን በራሱ ወጪ እየጋበዘ ያሳርፍ ነበር። ይቺን በጣም ወድጃታለሁ። አገልጋይም እንደሚደክመው ስንቶቻችን ትዝ ይለናል?

ከጦርነቱ በኋላ ግን ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለውን የባቡር ሐዲድ ሥራ ያዘ። ቦንዱ እንደታሰበው አልሸጥ አለ። ባንኩ ያለውን ገንዘብ ለሐዲዱ ማበደሩን ቀጠለ፤ ውስጡ የአስቀማጮች ገንዘብም ነበረበት። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1873 በሩን ዘጋ። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያም ለአሥር ቀን ተዘጋ። ለዓመታት የቆየ የኢኮኖሚ ቀውስ ተከተለ፤ ብዙ ሰው ሥራ አጣ።

«አሥራት እያወጣ እንዴት ከሰረ?» የሚል አይጠፋም። እኔን ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም። ያዕቆብ ራሱ ከተሳለ በኋላ አጎቱ ላባ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋውጦበታል (ዘፍ. 31፥7)። ኩክም ቢሆን ኋላ በዩታ የብር ማዕድን ሥራ ገብቶ እንደገና ሀብታም ሆኗል፤ በዕዳ ያጣውን ትልቅ ቤቱንም መልሶ አግኝቷል፤ ቤቱ ኋላ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሆኗል።

እኔን የሚከነክነኝ የአስቀማጮቹ ጉዳይ ነው። ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት ስላወጡ አይደለም፤ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው። ያንንም ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር አላቸው (ማቴ. 23፥23)። ኩክ ሌባ ነበር ለማለት አልደፍርም። ሐዲዱ እንደሚያዋጣ ከልቡ ያምን ነበር። ግን የራሱን እምነት በሰው ገንዘብ ሞከረው።

እኛም ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። የእቁብ ሰብሳቢ ናችሁ እንበል፤ ወይም የማኅበር ሒሳብ ያዥ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብላችሁ ለንግዳችሁ ልታዞሩት ያሰባችሁት ብር ካለ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቁ። ካልፈቀዱ ይቀመጥ። አሥራታችሁን ካወጣችሁ በኋላም ቢሆን።