ፍግ ወይስ ዩሪያ? ስለ ቋሚ የሳር መሬት ማዳበሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቋሚ የሳር መሬት አይታረስም። የተጨመረበት ማዳበሪያ ሁሉ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

«በፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁሉ ለሳሩ ይደርሳል»

አይደርስም። በላም ፈሳሽ ፍግ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ሳሩ ቶሎ ሊወስደው የሚችለው አሞኒየም ነው፤ የቀረው በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። በደረቅ ፍግ ደግሞ ሳሩ ቶሎ የሚያገኘው ከሩብ አይበልጥም። አሞኒየሙ አሞኒያ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ በፀሐይና በነፋስ ከተረጨ ግማሹ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። እርሻ ላይ ቢሆን ወዲያው አርሶ መቅበር ይቻል ነበር። እዚህ ግን ያለው መላ ቀዝቃዛ፣ ደመናማና ነፋስ የሌለው ቀን መምረጥ፣ ፍጉን በውሃ ማቅጠን፣ ቅጠሉ ላይ ከመርጨት ይልቅ በቱቦ ወደ ሳሩ ሥር ማፍሰስ ነው። ለአንድ ሄክታር በአንድ ጊዜ ከ30 ሜትር ኩብ አይለፍ፤ ወፍሮ ከተኛ ሳሩን ያፍነዋል።

«ዩሪያ አይተንም»

ይተናል፣ ያውም ሳር ላይ ይብሳል። ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይረው ኢንዛይም በሳሩ ሥር በተከማቸው የደረቀ ቅጠል ውስጥ በብዛት ይገኛል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወይም መስኖ ካገኘ ወደ አፈር ይሰርጋል። ጤዛ ግን ያሟሟዋል እንጂ አያሰርገውም፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

«የፋብሪካ ማዳበሪያ ሁሉ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል»

እንደ ዓይነቱ ነው። በእንግሊዝ ሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ከ1856 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ሳር መሬት ላይ በሚካሄደው ሙከራ፣ ኖራ ሳያገኙ አሞኒየም ሰልፌት የተጨመረባቸው ቦታዎች እጅግ አሲዳማ ሆነው ጥቂት የሳር ዝርያዎች ብቻ ቀሩባቸው፤ ሶዲየም ናይትሬት ያገኙት ግን እንዲህ አልሆኑም። አሲዱን የሚያመጣው አሞኒየም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ከላይ ተበትኖ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ የአፈር ናሙናውን ከላይኛው 7.5 ሴንቲ ሜትር ይውሰዱ።

«ፍግ ሚዛናዊ ስለሆነ አይበዛም»

ይበዛል፤ በተለይ ፖታሲየሙ። ሳሩ ከሚያስፈልገው በላይ ይወስደዋል፣ በዚያው መጠን ማግኒዚየም ያንሰዋል። በለምለም ሳር ላይ የተሰማሩ የሚታለቡ ላሞች በማግኒዚየም እጥረት ተንቀጥቅጠው ይወድቃሉ፤ በሰዓታትም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ፈሳሹን ፍግ እነሱ ሊሰማሩበት በተቃረበ መስክ ላይ ሳይሆን ድርቆሽ በሚታጨድበት ላይ ያድርጉት። አንድ ቶን ድርቆሽ 15 ኪሎ ያህል ፖታሲየም ይዞ ይወጣል። ዩሪያ ብቻ በሚያገኝ የድርቆሽ መስክ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ማገጥ (ክሎቨር) ነው፦ ፖታሲየም ያጣል፣ በናይትሮጅን የፈጠነው ሳርም ፀሐይ ይከልለዋል።